ፊትህን ከማቅጠንህ በፊት ቀበቶህን እይ፦ የሰውነት ስብና የወንድ ፊት

እኔ አዲስ አበባ ዳር ላይ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የወንዶች ፀጉር ቤት ነው ያለኝ። ስራዬ የሰው ፊት ላይ ነው፣ ቀኑን ሙሉ የሰው አገጭ ይዤ ቀና እያደረኩ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያዞርኩ ነው የምውለው፣ አንድን ሰው በየሁለት ሳምንቱ ለ3 ለ4 ዓመት ስታየው ደግሞ ሲወፍርም ሲከሳም ከቤተሰቡ ቀድመህ ታውቃለህ፣ ምክንያቱም ቤት ያለው ሰው በየቀኑ ስለሚያየው ለውጡ አይታየውም። ድሮ የሚጠይቁኝ ስለ ፀጉር ብቻ ነበር። አሁን ልጆቹ ወንበሩ ላይ ቁጭ ይሉና ስልካቸውን አውጥተው የሆነ ሞዴል ፎቶ ያሳዩኛል፣ "እንደዚህ ጆውላይን እንዲኖረኝ ምን ላርግ?" ይሉኛል፣ ስል ሆኖ የሚታይ የመንጋጋ መስመር ማለታቸው ነው። በማሽን የሚወጣ ነገር ቢሆን አወጣላቸው ነበር። ግን አይደለም፣ እና ለያንዳንዱ እየደጋገምኩ የማስረዳውን አንዴ ቁጭ ብዬ ልፃፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። የፊትን ስብ ብቻ ለይቶ የሚያቀልጥ ምግብም እንቅስቃሴም የለም። ጉንጭህን በመንፋት፣ አንገትህን በማንጋጠጥ፣ በሎሚ በመታሸት፣ አገጭህን በፌስታል ጠቅልለህ በማላብ የጉንጭ ስብ አይሄድም። ሰውነት ስብ የሚያወጣው ከመላው ሰውነት ነው፣ ከየት ቀድሞ እንደሚያወጣ ደግሞ የሚወስነው ዘርህ እንጂ አንተ አይደለህም። አንዳንዱ 3 ኪሎ ሲቀንስ ወዲያው ፊቱ ላይ ይታያል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሱሪው ሰፍቶት ሰፍቶት ፊቱ ምንም አልተነካም፣ ለሱ ፊት መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ሁለቱንም አይነት ሰው አውቃለሁ። ስለዚህ ስራው ያለው ወገብ ላይ ነው፣ ፊት ውጤቱ የሚታይበት ቦታ ነው።

ግን ደግሞ ሰው ሁሉ ፊቴ ወፈረ ሲል ስብ ነው ማለት አይደለም፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ፊትን የሚያሰፋው ወይ ውሃ ነው፣ ወይ ስብ ነው፣ ወይ የማኘኪያ ጡንቻ ነው፣ ወይ አጥንቱ ራሱ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ በሽታ ነው። የትኛው እንደሆነ ሳታውቅ ምግብ መቀነስ ብትጀምር ትከሳለህ ፊትህ ግን ያው ይሆናል።

ውሃው

ለማወቅ ቀላል ነው። ጠዋት እንደተነሳህ ፊትህን በመስታወት አይተህ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ደግመህ እየው። ጠዋት አብጦ ከሰዓት ከቀነሰ አብዛኛው ውሃ ነው። ሌሊት ተጋድመህ ስለምታድር ውሃው ወደ ፊትህ ይመጣል፣ ስትቆምና ስትንቀሳቀስ ደግሞ ወደታች ይወርዳል። የኮንዶሚኒየም ሰው ከሆንክ ይሄን በደንብ ታውቀዋለህ፣ ሊፍት ከሌለው አራተኛ ፎቅ ወርደህ እስከ ታክሲ መያዣው በእግርህ ሄደህ ስራ ስትደርስ ዓይንህ ስር የነበረው እብጠት ጠፍቷል።

ውሃ የሚያስቋጥረው በዋናነት ጨው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳን አይሞላም። የኛ ምግብ ላይ ወጡ ውስጥ ጨው አለ፣ በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ሚጥሚጣው ውስጥ አለ፣ ሽሮው ሲፈጭ ተጨምሮበት ሲሰራ ደግሞ እንደገና ይጨመራል፣ እና ማታ 3 ሰዓት ላይ ጥብስ ከአዋዜ ጋር በልተህ 3 ድራፍት ጠጥተህ ተኝተህ ጠዋት ፊትህ ለምን እንዳበጠ አትጠይቅ። መጠጥ እንቅልፍንም ያበላሻል፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው ዓይኑ ስር ይታወቃል፣ ደንበኛዬ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ሳይነግረኝ ነው የማውቀው።

ሌላው ሰውን የሚያስደነግጠው የፋሲካ ማግስት ነው። ሁለት ወር ሙሉ የፆመ ሰው በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ጨምሮ ፊቱ ሞልቶ ይመጣል፣ "ሁሉም ተመለሰ" ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። አልተመለሰም ወንድሜ። 1 ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7700 ካሎሪ ነው፣ 2 ኪሎ ስብ በ3 ቀን ለመጨመር ከሚያስፈልግህ በላይ ከ15 ሺ ካሎሪ በላይ መብላት አለብህ፣ ያ አይሆንም። የሆነው ሰውነትህ ጡንቻና ጉበት ውስጥ የሚያስቀምጠውን ስኳር ሲሞላ እያንዳንዱ ግራም ወደ 3 ግራም ውሃ ይዞ ስለሚቀመጥ ነው፣ በሱ ላይ ጨዉ አለ፣ በዛ ላይ ሆድ ውስጥ ያለው ምግብ ራሱ ክብደት አለው። ወደ ተለመደው አመጋገብህ ስትመለስ በ4 በ5 ቀን ይወርዳል።

ለውሃው የሚሰራው ነገር ይሄ ነው፦ እራትህን ቀደም አድርገው ጨዉን ቀንሰው፣ ውሃ ቀን ቀን በደንብ ጠጣ (ውሃ መቀነስ እብጠት አይቀንስም)፣ መጠጥ ተው ወይ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን አድርገው፣ ትራስህን ትንሽ ከፍ አድርግ፣ ለ7 ሰዓት ያህል ተኛ። ሰርግ ደርሶበት "በ2 ሳምንት ፊቴን አስተካክልልኝ" ለሚለኝ ሙሽራ የምነግረው ይሄን ብቻ ነው፣ በ2 ሳምንት የሚቀየረው ውሃው ነው፣ ስቡ ጊዜ ይፈልጋል። አንዱ የሚኒባስ ሹፌር ደንበኛዬ ይሄን ሰምቶ ከሰርጉ በፊት ለ16 ቀን ማታ ማታ ድራፍቷን ትቶ እራቱን ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ በላ፣ ለሰርጉ ጠዋት ሲመጣ ዓይኑ ተከፍቶ ነበር፣ ኪሎው ብዙም አልተቀየረም።

በሽታ የሚሆንበት ጊዜ

እዚህ ላይ አትቀልድ። ጠዋት ጠዋት ዓይንህ ዙሪያ በጣም የሚያብጥ ከሆነና ሽንትህ አረፋ ካበዛ ወይም እግርህም ካበጠ ኩላሊት ሊሆን ስለሚችል ተመርመር፣ የሽንት ምርመራ ጤና ጣቢያም ይሰራል። ብርድ ብርድ የሚልህ፣ የሚደክምህ፣ ቆዳህ የሚደርቅ፣ ፊትህ የሚነፋ፣ ሆድህ የሚደርቅ ከሆነ የእንቅርት እጢ ስራ መቀነስ ሊሆን ይችላል፣ አንገት ላይ እብጠት ባይታይም። አንድ በኩል ብቻ ካበጠና ካመመህ ጥርስ ወይ የምራቅ እጢ ሊሆን ይችላል። ለአስም ወይ ለመገጣጠሚያ ተብሎ ፕሬዲኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ደግሞ ፊቱ እንደ ጨረቃ ክብ ይሆናል፣ አንገቱ ጀርባ ላይም ስብ ይጠራቀማል፣ ይሄ መድሃኒቱ ነው። በራስህ ድንገት እንዳታቆመው፣ አደጋ አለው፣ ያዘዘልህን ሐኪም አናግር። ለመወፈር ብለህ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ከወሰድከውም ሄደህ እውነቱን ተናገር። አንድ ደንበኛዬ ነበር ፂሙን ስሰራለት ዓይኑ ዙሪያ በጣቴ ስነካው ጎድጉዶ ይቀር ነበር፣ ለሶስተኛ ጊዜ ሳየው ነው የዛሬን ፀጉር ተወው ሂድ ታይ ያልኩት፣ ኩላሊቱ ነበር። በጊዜ ስለደረሰበት አሁን ደህና ነው።

አጥንትና ጡንቻ

አጥንት በተፈጥሮ የተሰጠህ ነው። አገጩ ወደ ኋላ የገባ ሰው ስቡ ቢቀንስም ከአገጩ ስር ያለው ቦታ እንደ ሌላው ስል አይሆንም፣ ጉሮሮ ላይ ያለችው ትንሿ አጥንት ዝቅ ብላ የተቀመጠችበት ሰውም እንደዛው። ይሄን ማወቅ ጥሩ ነው፣ በሌላ ሰው ፎቶ ራስህን እንዳትለካ። ጡንቻው ደግሞ የጆሮህ ፊት ለፊት ከመንጋጋህ ማዕዘን ላይ ያለው ነው፣ ጥርስህን ንከስ ስልህ የሚያብጠው። ማስቲካ ቀኑን ሙሉ ማኘክ፣ አሁን ደግሞ እነዚያ ጠንካራ የጎማ ኳሶች የመጡት፣ ይሄን ጡንቻ ያፈረጥማሉ፣ ማለትም ፊትን ያሰፋሉ፣ ስብ አይቀንሱም። መገጣጠሚያውንም ያሳምማሉ፣ አፉን ሲከፍት ቀጭ የሚልበት ልጅ አይቻለሁ። አንድ ጉንጭ ላይ ብቻ የሚቅም ሰውም የዛኛው በኩል ጡንቻ ሊያብጥበት ይችላል፣ ፂም ስሰራ ሁለቱ ጎን እኩል አልወጣ ሲለኝ ብዙ ጊዜ መልሱ እዛ ነው።

አሁን ስቡ

የሰውነት ስብ በፐርሰንት ነው የሚለካው፣ ከጠቅላላ ክብደትህ ስንቱ ስብ ነው ማለት ነው። ለወንድ ከ2 እስከ 5 ያለው ለመኖር ብቻ የሚያስፈልግ ነው፣ ከ6 እስከ 13 የስፖርተኛ፣ ከ14 እስከ 17 ጥሩ አቋም ያለው ሰው፣ ከ18 እስከ 24 መካከለኛ፣ ከ25 በላይ ከመጠን ያለፈ ተብሎ ይመደባል። ፊት ላይ ምን ይመስላል የሚለውን ከወንበሬ ሆኜ ካየሁት ልንገርህ፣ ሰው ከሰው ቢለያይም።

ከ30 በላይ ሲሆን መንጋጋና አንገት አንድ ይሆናሉ፣ ማሽኑን ከጉንጭ ወደ አንገት ሳወርድ የት እንደሚያልቅ የምይዘው በእጄ ዳብሼ ነው፣ ዓይን ትንሽ ይመስላል ምክንያቱም ጉንጩ ከስር ይገፋዋል፣ ማጅራት ላይ ሁለት እጥፋት ይወጣል። ከ20 እስከ 25 ያለው የኛ ሰፈር ስራ የያዘ፣ ልጅ የወለደ፣ መኪና ላይ የሚውል ሰው ፊት ነው፣ ክብ፣ ለስላሳ፣ ቀና ሲል መንጋጋው ይታያል ስልኩን ሊያይ ሲያጎነብስ ሁለት አገጭ ይሆናል። ወደ 17፣ 16 ሲወርድ ነው ነገሩ የሚቀየረው። ፊቱ አይከሳም ግን ቅርፅ ይይዛል፣ መንጋጋው ሳያንጋጥጥ ይታያል፣ ሰው "ፀጉርህን ምን አድርገህ ነው ያማረብህ" ይለዋል እኔ ደግሞ ያው ሁሌ የምቆርጠውን ነው የቆረጥኩት። ከ12 እስከ 14 የጉንጭ አጥንት ይወጣል፣ ከሱ ስር ትንሽ ጎድጎድ ይላል፣ የመጽሔት ፊት የሚሉት ይሄ ነው።

ከ10 በታች ሲወርድ ግን ለብዙ ሰው ቁንጅናው ይቀራል። በዓይንና በጆሮ መሀል ያለው ቦታ ይሰረጉዳል፣ ዓይን ወደ ውስጥ ይገባል፣ አፍ ዙሪያ መስመር ይወጣል፣ የ27 ዓመት ልጅ 38 ይመስላል። ሱሉልታ ወይም ሰንዳፋ ጠዋት የሚሮጡትን ልጆች አይተሃቸው ከሆነ ታውቃለህ፣ ጉንጫቸው የገባው ስራቸው ስለሆነ ነው፣ 42 ኪሎሜትር ለመሮጥ እያንዳንዱ ትርፍ ኪሎ ሸክም ነው፣ አሰልጣኝ አላቸው አመጋገብ አላቸው። ለቢሮ ሰራተኛ ግን እዛ መውረድ ጥቅም የለውም። እንቅልፍ ይበላሻል፣ ብርድ አይቻልም፣ ንዴት ይበዛል፣ ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ይወርዳል፣ ለሴት ያለህ ፍላጎት ይጠፋል።

ሀገራችን ላይ ደግሞ የምትሰማው ነገር አለ። ትንሽ ስትቀንስ እናትህ "ምነው ልጄ ከሳህ፣ አሞሃል እንዴ" ትልሃለች፣ ስትወፍር ደግሞ "ተመቸህ" ትባላለህ። እናትህ ከፍቅር ነው፣ አትከራከራት፣ የምትሰራልህን ብላ መጠኑን አንተ ወስን። ግን አንድ የምመክርህ፣ አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የሚያውቁህ ሁሉ "አሞህ ነው?" ማለት ከጀመሩ በእርግጥም ከመጠን አልፈህ ሊሆን ስለሚችል ለካ። ሳትፈልግ፣ ምግብ ሳትቀንስ የምትከሳ ከሆነማ ስኳር፣ ቲቢና የእንቅርት እጢ ተመርመር።

አንድ ሌላ የሚያታልል ነገር አለ። የኛ ሰው ብዙው እጁ እግሩ ፊቱ ቀጭን ሆኖ ሆዱ ብቻ ይወጣል። ፊቱን አይቶ ደህና ነኝ ይላል። የሆድ ውስጥ ስብ ግን ለስኳርና ለልብ በሽታ ዋናው አደገኛ ነው። ለወንድ ወገብ ከ94 ሴንቲሜትር ሲበልጥ አደጋው መጨመር ይጀምራል፣ ወይም ደግሞ የወገብህ ልክ ከቁመትህ ግማሽ እንዳይበልጥ። ስለዚህ ፊትህ አምሮ ቀበቶህ አዲስ ቀዳዳ የሚፈልግ ከሆነ ይሄ ፅሁፍ አንተንም ይመለከታል።

እንዴት ትለካለህ

ጂም ያለው የሚረገጥ ሚዛን ፐርሰንት ያወጣልሃል ግን ውሃ ከጠጣህ፣ ካላበህ፣ ከበላህ ቁጥሩ ይቀያየራል። የልብስ ሰፊ ሜትር ግዛ፣ ርካሽ ነው። ጠዋት ምግብ ሳትበላ ሽንት ቤት ከሄድክ በኋላ ሆድህን ሳትስብ በእምብርትህ ልክ ወገብህን ለካ፣ አንገትህን ደግሞ ከማንቁርትህ ዝቅ አድርገህ ለካ። ከዛ የአሜሪካ ባህር ኃይል የሚጠቀምበት ስሌት አለ፣ ስልክህ ላይ ካልኩሌተሩን ወደ ጎን ስታዞረው ሎግ የሚል አለው። ወገብ ሲቀነስ አንገት፣ የሱን ሎግ በ0.19077 አባዛ። የቁመትህን ሎግ በሴንቲሜትር በ0.15456 አባዛ። 1.0324 ላይ የመጀመሪያውን ቀንስ ሁለተኛውን ደምር። 495ን ለመጣው ቁጥር አካፍል፣ 450 ቀንስ። አለቀ።

ለምሳሌ ቁመቱ 175፣ ወገቡ 94፣ አንገቱ 38 የሆነ ሰው ወደ 23 ፐርሰንት ይመጣለታል። ያው ሰው ወገቡ 84 አንገቱ 37 ሲሆን ወደ 17 ይወርዳል። ስሌቱ 3 ወይ 4 ፐርሰንት ሊሳሳት ይችላል፣ ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ቃለ መሃላ አትያዘው፣ ዋናው በየ2 ሳምንቱ በተመሳሳይ መንገድ ለክተህ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ማየት ነው።

ፎቶም አንሳ፣ ግን በሰልፊ አይደለም። ስልክ ፊትህ ላይ ተጠግቶ ሲያነሳ አፍንጫን ትልቅ ጆሮን ትንሽ አድርጎ ፊትን ያዛባል። ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስደግፈህ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ራቅ ብለህ፣ በመስኮት ብርሃን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ አንድ ከፊት አንድ ከጎን። በወር አንዴ ይበቃል፣ በየቀኑ የሚያይ ሰው ራሱን ያሳምማል እንጂ ለውጥ አያይም።

እንዴት ይቀንሳል

ሒሳቡን በዛው ሰውዬ እንስራው። 82 ኪሎ ነው እንበል፣ 23 ፐርሰንት ማለት ወደ 19 ኪሎ ስብ ተሸክሟል፣ ቀሪው 63 ነው። ያ 63 ሳይነካ 17 ፐርሰንት እንዲገባ 76 ኪሎ አካባቢ መድረስ አለበት፣ ማለትም 6 ኪሎ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ቢቀንስ 3 ወር። ለግማሽ ኪሎ በቀን ከሚያስፈልግህ 500 ካሎሪ ገደማ ማጉደል ነው። ከዚህ ፈጥነህ ስትሄድ ጡንቻ አብሮ ይሄዳል፣ ፊትም ተንጠልጥሎ የደከመ ይመስላል፣ በተለይ ከ40 በላይ ላሉ፣ ዕድሜ ሲገፋ ቆዳ ቶሎ አይሰበሰብም።

500 ካሎሪ ከየት ይመጣል? ከእንጀራ አትጀምር፣ ከሚጠጣው ጀምር። አንድ ጠርሙስ ኮካ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው፣ አንድ ቢራ 150 አካባቢ ካሎሪ ነው፣ ሻይ ላይ 3 ማንኪያ ስኳር አድርገህ በቀን 4 ሻይ ብትጠጣ ወደ 200 ካሎሪ ሄደ። ቀጥሎ ዘይት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፣ ፆም ላይ ሽሮው ላይ የሚንሳፈፈው፣ የፓስታው፣ የእርጥቡ፣ የሳምቡሳው፣ እነዚህ ናቸው ሰው "ፆሜ ወፈርኩ" የሚያስብሉት፣ ፆም ምግብ ራሱ አያወፍርም። እኔ ራሴ 24 ፐርሰንት ነበርኩ፣ ቆሜ ብውልም ማለት ነው፣ ከጎኔ ካለችው ቤት ጠዋት ሁለት ቦምቦሊኖ ከሻይ ጋር ከሰዓት ደግሞ ሁለት ፓስቲ እበላ ነበር፣ እሱን አቁሜ ቆሎና እንቁላል ብቻ ስተካበት ሌላ ብዙ ሳልነካ የመጀመሪያው 3 ኪሎ ሄደ። እስከ 16 ለመውረድ 5 ወር ፈጀብኝ፣ ሁለት ወር መሀል ላይ ቆሞብኝ ነበር።

ፕሮቲን አትቀንስ፣ ጡንቻህን የሚጠብቅልህ እሱና ጉልበት ስራ ነው። ክብደት የሚቀንስ ሰው ለአንድ ኪሎ ክብደቱ 1.6 ግራም አካባቢ ቢያገኝ ጥሩ ነው፣ ለ80 ኪሎ ሰው ወደ 130 ግራም። አንድ እንቁላል 6 ግራም ነው፣ ስለዚህ ቀላል አይደለም፣ በተለይ ለኛ። ሁዳዴ ብቻ 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ፍልሰታ፣ ነብያት ሲጨመር ከዓመቱ ግማሽ የሚሆነውን የሚፆም ሰው አለ። በፆም ጊዜ ፕሮቲኑ ያለው ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ አተር ውስጥ ነው፣ 100 ግራም ጥሬ ምስር ወደ 24 ግራም ፕሮቲን አለው። በያይነቱ ስታዝ ምስርና ክክ ድገምልኝ በል፣ እንጀራውን ግን አታስጨምር። ቁርስ ላይ የሽምብራ ቆሎ ወይም ባቄላ ቆሎ፣ ኑግና ሱፍ ጥሩ ቢሆኑም ዘይታቸው ብዙ ስለሆነ በእፍኝ አትብላቸው። እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ መፆም ለብዙ ሰው ምግብ ይቀንስለታል፣ ግን ፆሙን ፈትቶ የሁለት ሰው ከበላ ትርፉ የለም።

እንቅስቃሴው ላይ እኛ ዳር ያለን ሰዎች ጥቅም አለን። መንገዱ ሰፊ ነው፣ አየሩ ከመሀል ከተማ ይሻላል። ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀድመህ ውረድ፣ 40 ደቂቃ በእግር ሂድ በየቀኑ፣ ከሩጫ ይልቅ እሱ ይዘልቃል። መሮጥ ከፈለክ ግን ሳይነጋ 11 ሰዓት ላይ ብቻህን ወደ ሜዳው አትውጣ፣ እኛ ጋር ጅብ አለ፣ የሰፈር ውሻም በቡድን ነው የሚሄደው፣ 12 ሰዓት ተኩል አልፎ ከጓደኛ ጋር ውጣ። በሳምንት ሶስት ቀን ፑሽ አፕ፣ ስኳት፣ ጄሪካን ውሃ ይዞ ደረጃ መውጣት፣ ጂም ካለህ ክብደት። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ብሎክ ላይ ያለ ሰው 20 ሊትር ይዞ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ ስፖርት እየሰራ ነው፣ ጀርባህን ቀጥ አድርገህ ያዘው ብቻ። አንገትን ቀጥ አድርጎ መሄድም ስብ ባይቀንስም ሁለተኛውን አገጭ ይደብቃል፣ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ያቀረቀረ ሰው 18 ፐርሰንት ሆኖ 23 ይመስላል።

ፂም እስከዛው

3 ወሩ እስኪሞላ እኔ የማግዝህ እዚህ ላይ ነው። ፊትህ ክብ ከሆነ ጎኑን አሳጥረን አገጩ ላይ ትንሽ ረዘም እናረጋለን፣ ፊት ይረዝማል። ፀጉርም እንደዛው፣ ጎኑ ያጠረ ላዩ ከፍ ያለ። አንገት ላይ ያለውን መስመር ግን ብዙ ሰው ራሱ ቤቱ ሲላጭ ያበላሸዋል፣ መንጋጋው ጠርዝ ላይ ድረስ ያወጣዋል፣ ያኔ ከስር ያለው ስብ ባዶውን ተጋልጦ ሁለተኛው አገጭ ጎልቶ ይታያል። መስመሩ ከማንቁርትህ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ከዛ በሁለቱም በኩል ወደ ጆሮህ ስር እየታጠፈ ነው መሄድ ያለበት፣ ፂሙ ከአገጭ ስር ጥላ እንዲሰራ። እየቀነስክ ስትሄድ ከስር ያለውን እያሳጠርን እንሄዳለን። በጣም ከስተህ ጉንጭህ የገባ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ጎኑን ሞላ አድርገን አገጩን እናሳጥራለን፣ ጉንጩ ላይ ያለውን መስመርም ወደታች አናወርደውም።